የጀልባ ሃይድሮሊክ መሪ ዘይት ሲያፈስ፦ ከየት ይወጣል? እንዴትስ ይጠገናል?

ከመሪው ሥር ወለሉ ላይ የዘይት ጠብታ ይታያል። ወይም ከኋላ፣ ሞተሩ አጠገብ፣ ውሃው ላይ ቀለማም የዘይት ሽፋን ይዘረጋል። ብዙ የጀልባ ባለቤቶች ይህን ሲያዩ የሚያደርጉት ተመሳሳይ ነው። ዘይት ገዝተው ይሞላሉ። መሪው ለጥቂት ጊዜ ደህና ይሆናል። ከዚያ ጠብታው ይመለሳል፤ እነሱም እንደገና ይሞላሉ።

ዘይት መጨመር ግን ጥገና አይደለም። የፈሰሰው ዘይት ቦታ ባዶውን አይቀርም፤ ውሎ አድሮ አየር ይገባበታል። አየር የገባበት መሪ ደግሞ ስታዞሩት ዘግይቶ ነው የሚታዘዘው። ስለዚህ ጠርሙሱን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ነገር ማወቅ አለባችሁ፤ ዘይቱ ከየት እንደወጣና ለምን እንደወጣ። ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ተጠግኖ በወሩ እንደገና የሚያፈስ መሪ የሚበዛውም ለዚህ ነው።

ይህ መሪ እንዴት ነው የሚሠራው?

ሃይድሮሊክ መሪ በፈሳሽ ግፊት የሚሠራ መሪ ነው። በመሪውና በሞተሩ መካከል ገመድ ወይም ብረት የለም። ያለው ዘይት ብቻ ነው።

መርፌ የሌላቸው ሁለት ስሪንጆች አስቡ። ጫፋቸው በቀጭን ቱቦ ተያይዟል፤ ውስጣቸው ውሃ ሞልቷል። አንዱን ስትጫኑ የሌላው እጀታ ወዲያው ወደ ውጭ ይወጣል። ውሃ በቀላሉ ስለማይታመቅ የገፋችሁት ሁሉ ማዶ ይደርሳል። ቱቦው ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ግን መጀመሪያ የሚጨመቀው አረፋው ነው። ሌላኛው ስሪንጅ ዘግይቶ፣ ያውም አንሶ ይንቀሳቀሳል። የጀልባው መሪ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ የሚበላሸውም በዚሁ መንገድ ነው።

ሕጉን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ያስረዳው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል ነው። በተዘጋ ፈሳሽ ላይ ያሳረፋችሁት ግፊት በሁሉም አቅጣጫ እኩል ይዳረሳል። እንግሊዛዊው ጆሴፍ ብራማ በ1795 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያገኘበት የሃይድሮሊክ መጭመቂያ በዚሁ ሕግ ይሠራል። ዛሬ ጀልባ ላይ ያለው መሪም ከዚያ የተለየ አስማት የለውም።

ዋና ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። መጀመሪያ የመሪ ፓምፕ አለ። ይህ ዳሽቦርዱ ውስጥ፣ ከመሪው ጀርባ ይቀመጣል። በውስጡ በክብ የተደረደሩ ትንንሽ ፒስተኖች አሉ። መሪውን ስታዞሩ ፒስተኖቹ ዘይት ይገፋሉ። የዘይቱ ቋትም አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ፓምፑ ውስጥ ነው። ቀጥለው ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። በመጨረሻ ኋላ ላይ ሲሊንደሩ ይገኛል። ሲሊንደር ማለት በውስጡ ፒስተንና ዘንግ ያለው ቱቦ መሰል ብረት ነው። ዘይት ከአንድ ወገን ሲገባ ፒስተኑን ይገፋል፤ በሌላው ወገን ያለው ዘይት ወደ ፓምፑ ይመለሳል። ጀርባ ላይ በሚንጠለጠል ሞተር ብዙ ጊዜ ዘንጉ ታስሮ ይቆማል፤ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው የሲሊንደሩ አካል ነው። ሞተሩ ውስጥ በሆነ ጀልባ ደግሞ ሲሊንደሩ የሚገፋው ውሃ ውስጥ ሆኖ ጀልባውን የሚያዞረውን ሰሌዳ ነው።

ፓምፑ ውስጥ አንድ ሌላ የማይታይ ነገር አለ፤ የመቆለፊያ ቫልቭ። እናንተ መሪውን ስታዞሩ ዘይት ያሳልፋል። ሞተሩ ወይም ማዕበሉ በተራው መሪውን ልግፋ ሲል ግን ይዘጋል። ጤነኛ ሃይድሮሊክ መሪ ስትለቁት ባለበት የሚቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ቫልቭ ወደ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን አስታውሱት።

ትንሽ ቁጥር ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። በብዛት የሚታይ አንድ ዓይነት ፓምፕ በአንድ ዙር ወደ 28 ሚሊ ሊትር ዘይት ይገፋል። አብሮት የሚገጠመው ሲሊንደር ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመሄድ ወደ 140 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ መሪው ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ 5 ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ይኸው መሪ 6 ወይም 7 ጊዜ መዞር ከጀመረ ዘይቱ የሆነ ቦታ እየጠፋ ወይም አየር እየተጨመቀ ነው። የእናንተ ጀልባ መሪ ጤነኛ ሳለ ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥራችሁ ጻፉት። ምንም መሣሪያ አይጠይቅም፤ እንደዚህ ቁጥር የሚረዳ ነገርም የለም።

ጠብታ ታህል ዘይት ምን ታመጣለች?

በብዙ መካከለኛ ጀልባዎች የመሪው ግፊት እስከ 70 ባር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ያ ማለት በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 70 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ነው። የፒስተኑ ስፋት 7 ካሬ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ሲሊንደሩ ግማሽ ቶን በሚጠጋ ኃይል ይገፋል። ይህን ሁሉ ይዞ የሚያቆመው ዘይት እንዳያልፍ የሚያግድ ስስ ክብ ጎማ ነው። መካኒኮች ፓራኦሊዮ የሚሉት ማለት ነው። ዛሬ በጠብታ የሚያሳልፍ ፓራኦሊዮ ነገ በማዕበል መሀል ሙሉ በሙሉ ሊለቅ ይችላል።

መሪ አልባ ጀልባ ደግሞ ዝም ብሎ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የሞተሩ ፕሮፔለር ሲሽከረከር ሞተሩን ወደ አንድ ጎን የመጎተት ባሕርይ አለው። የሚይዘው ግፊት ሲጠፋ ሞተሩ በፍጥነት ወደዚያ ጎን ሊጠመዘዝ ይችላል። ጀልባው በሙሉ ፍጥነት እየሄደ ድንገት ሲታጠፍ የተቀመጠ ሰው ወደ ውሃ ይወረወራል። ከነጂው ጋር የሚታሰረው የሞተር ማጥፊያ ገመድ ለእንዲህ ያለ ጊዜ ነው የተሠራው። ለትንንሽ ጀልባዎች ሃይድሮሊክ መሪ ራሱን የቻለ ዓለም አቀፍ ደረጃ አለው፤ ቁጥሩ አይ ኤስ ኦ 10592 ነው። መሪ እንደ ምቾት ዕቃ ሳይሆን እንደ ደኅንነት ዕቃ ስለሚታይ ነው ደረጃ የወጣለት።

ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ በምን አውቃለሁ?

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። ዘይት ብዙ ጊዜ ከወጣበት ቦታ አይንጠባጠብም። ቱቦውን ተከትሎ ይወርድና ዝቅ ያለ ቦታ ፈልጎ ነው የሚንጠባጠበው። ጠብታው ያለበትን ቦታ ብቻ አይቶ ዕቃ የሚገዛ ሰው ደህናውን ነገር ለውጦ የተበላሸውን ትቶት ይሄዳል።

መጀመሪያ ሁሉን ነገር በጨርቅ ጠርጉ፤ ከመሪው ጀርባ፣ የቱቦዎቹን ጫፎች፣ ሲሊንደሩን። ደረቅ ይሁን። ከዚያ ነጭ ወረቀት ከፓምፑም ከሲሊንደሩም ሥር አንጥፉ። ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን እስከ አንድ ጫፍ አዙሩት፤ ጫፍ ከደረሰ በኋላም ትንሽ ጨምራችሁ ያዙት። ይህ ግፊቱን ከፍ ያደርገዋል። በሌላው ጫፍም ድገሙት። ወዲያው ካልታየ ወረቀቱን ትታችሁ አድራችሁ ተመልከቱ። እርጥብ ከሆነው ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውን ፈልጉ። ምንጩ እዚያ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ግፊት ያለበትን ቱቦ በጣት እየዳበሳችሁ ቀዳዳ አትፈልጉ። ከመርፌ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል፤ ሲታይ ትንሽ ጭረት ይመስላል፣ ጉዳቱ ግን አጣዳፊ ቀዶ ሕክምና የሚጠይቅ ነው። በጣት ፈንታ የካርቶን ቁራጭ ተጠቀሙ።

የሚያፈሱት ቦታዎች ያን ያህል ብዙ አይደሉም። ከፊት፣ የመሪው ዘንግ ከፓምፑ የሚወጣበት ቦታ አለ፤ እዚያ ያለው ፓራኦሊዮ ሲያረጅ ዘይቱ በዳሽቦርዱ ፊት ይወርዳል። ከፓምፑ ጀርባ የቱቦ መገጣጠሚያዎች አሉ። ከኋላ ደግሞ ሲሊንደሩ ነው። ዘንጉ ከሲሊንደሩ የሚወጣባቸው ሁለት ጫፎች፣ የቱቦ መግቢያዎቹና የአየር ማስወጫ ቡሎኖቹ ሁሉ ይፈተሹ። ከእነዚህ ሁሉ በብዛት የሚያስቸግረው የሲሊንደሩ ጫፍ ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ውጭ ነው ያለው፣ ጨውና አሸዋ ያገኘዋል፣ ሁልጊዜም ይንቀሳቀሳል።

የፊተኛውን ዘንግ በተመለከተ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። እዚያ ያለው ፓራኦሊዮ አብዛኛውን ጊዜ ከባዱን ግፊት አይሸከምም። የሚነካው በቋቱ ውስጥ ያለው ዘይት ብቻ ነው። ስለዚህ እዚያ ዘይት ካያችሁ ቋቱ ከልክ በላይ ተሞልቶ እንደሆነ ፈትሹ። ዘይት በፀሐይ ሲሞቅ ይሰፋል። መስፊያ ቦታ ካልተተወለት ወይም የክዳኑ መተንፈሻ ቀዳዳ ከተደፈነ የሚወጣበት መንገድ ይፈልጋል። ጎማው ምንም ሳይሆን መሪው «አፈሰሰ» የሚባልበት ጊዜ አለ።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ሞተር ወደ ላይና ወደ ታች የሚያነሳው የራሱ ሃይድሮሊክ አለው። እሱም ዘይት ያፈሳል፤ ያለውም ከመሪው ሲሊንደር አጠገብ ነው። የመሪው ቋት ሳይጎድል ከኋላ ዘይት ካያችሁ ወደዚያ ተመልከቱ።

ምንም ጠብታ ሳይኖር መሪው ከላላስ?

ይህ ደግሞ የውስጥ ማፍሰስ ነው። ዘይቱ ከሥርዓቱ አይወጣም፤ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው ወገን ውስጥ ለውስጥ ያልፋል። ወረቀታችሁ ደረቅ ነው፣ ቋቱም ሙሉ ነው፤ መሪው ግን ጫፍ ከደረሰ በኋላም ቀስ እያለ መዞሩን ይቀጥላል። ወይም ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ ጀልባው ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ እናንተ ደግሞ ደጋግማችሁ ታስተካክላላችሁ።

ተጠርጣሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው የፒስተን ጎማ ነው። ሌላው ቅድም ያነሳነው የመቆለፊያ ቫልቭ ነው። ቫልቩ ውስጥ የገባች ፀጉር የምታህል ቆሻሻ አጥብቆ እንዳይዘጋ ታደርገዋለች። ሁለት መሪ ባለው ጀልባ ይህ በግልጽ ይታያል፤ አንዱን መሪ ስታዞሩ ሌላው በራሱ ከዞረ የዚያ በራሱ የዞረው መሪ ቫልቭ አልዘጋም ማለት ነው።

መለያ ዘዴውም አስቸጋሪ አይደለም። ጀልባው ቆሞ፣ ቱቦዎቹን ከፓምፑ ፈታችሁ የፓምፑን መውጫዎች በልካቸው በተሠራ የብረት መድፈኛ ዝጉ። ከዚያ መሪውን በቀስታ ለማዞር ሞክሩ። ወዲያው ከጠነከረና ካልሄደ ፓምፑ ደህና ነው፤ ችግሩ ወደ ሲሊንደሩ ነው። መዞሩን ከቀጠለ ግን ጥፋቱ ፓምፑ ውስጥ ነው። ፓምፑን ፈትቶ ውስጡን መጠገን የባለሙያ ሥራ ነው። ክፍሎቹ እጅግ በጠበበ ልክ የተሠሩ ናቸው፤ በትንሽ ጭረት ከጥቅም ውጭ ይሆናሉ። እዚህ ላይ ገንዘብ ለመቆጠብ ብሎ መሞከርን አልመክርም።

ከመፍታቴ በፊት ምን ላዘጋጅ?

ከሁሉ በፊት ዘይቱ። የመሪ ዘይት ቀጭን ነው፤ ብዙ አምራቾች የሚጠይቁት በዘይት ውፍረት ልኬት 15 የሚባለውን ዓይነት ነው። የእናንተ ፓምፕ መመሪያ የሚለውን ተከተሉ። የፍሬን ዘይት ፈጽሞ አትጨምሩ። የተለመደው የፍሬን ዘይት ከሌላ ኬሚካል የተሠራ ስለሆነ የመሪውን ጎማዎች ያሳብጣቸዋል፣ ያበላሻቸዋል። በዚህ ስህተት የአንድ ፓራኦሊዮ ጥገና የሙሉ መሪ ቅያሪ ይሆናል። አንድ መሪና አንድ ሲሊንደር ላለው ጀልባ ወደ 2 ሊትር ዘይት በእጅ ይኑር፤ አየር ሲወጣ ብዙ ዘይት ይሄዳል።

ለመገጣጠሚያ ጥርሶች ብዙ ሰው ነጭ የቧንቧ ቴፕ ይጠቀማል። ለመሪ ግን አይሆንም። የቴፑ ብጣቂ ከዘይቱ ጋር ሄዶ ቫልቩ ውስጥ ይቀረቀራል። ፈሳሽ የሆነ የጥርስ ማሸጊያ ተጠቀሙ፤ እሱንም ከመጀመሪያዎቹ ጥርሶች ራቅ አድርጋችሁ በስሱ ቀቡ። ኦሪንግ የሚባለው የጎማ ቀለበት ያለው መገጣጠሚያ ደግሞ ማሸጊያ አያስፈልገውም፤ የሚያሽገው ኦሪንጉ ራሱ ነው።

ንጽሕና ከመሣሪያ በላይ ነው። የተፈታ ቱቦ ሁሉ ወዲያው ይደፈን። ክር የሚለቅ ጨርቅ አይቅረብ። ከሥርዓቱ የወጣ ዘይት ተመልሶ አይገባም፣ ንጹሕ ቢመስልም። ወተት የመሰለ ዘይት ከወጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ ሙሉው ይለወጥ። በትልልቅ ጀልባዎች ቋቱ በአየር ግፊት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ ከመፍታታችሁ በፊት ግፊቱን ልቀቁ።

የፊተኛውን ፓራኦሊዮ እንዴት እለውጣለሁ?

በብዙ ፓምፖች ይህ ሥራ ፓምፑን ሳያወጡ ይሠራል። የመሪው ዳዶ ይፈታል፤ መሪው በመንቀያ ይወጣል። መሪው እምቢ ቢል ዘንጉን በመዶሻ አትምቱ። ምቱ በቀጥታ ወደ ፓምፑ ውስጥ ይሄዳል። ከዚያ ፓራኦሊዮውን የያዘው ትንሽ ክዳን ይፈታል፤ አሮጌው ይወጣል፤ ዘንጉ ይጸዳል፤ አዲሱ ዘይት ተቀብቶ ይገባል። ዘንጉ ላይ ዝገት ካለ አስቀድማችሁ አለስልሱት።

የሲሊንደሩንስ?

ዋናው ሥራ ይኸ ነው። «ለምን አፈሰሰ?» የሚለው ጥያቄ የሚመለሰውም እዚህ ነው።

ፓራኦሊዮ በራሱ ጊዜ ያረጃል። ብዙ ጊዜ ግን የሚገድለው ዘንጉ ነው። ዘንጉ ላይ የደረቀ ጨው፣ አሸዋ ወይም የዝገት ጉድጓድ ካለ፣ መሪው በዞረ ቁጥር የጎማውን ስስ ከንፈር ይፍቀዋል። እንዲህ ያለ ዘንግ ላይ አዲስ ፓራኦሊዮ ማስገባት ገንዘብ መጣል ነው። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዘንጉን ጠርጋችሁ በጥፍራችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳብሱት። ጥፍራችሁን የሚይዝ ጉድጓድ ወይም ጭረት ካለ ዘንጉ ራሱ ይለወጥ። ለስላሳ እድፍ ብቻ ከሆነ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት በዘይት አርጥባችሁ ማለስለስ ይበቃል። የዘንጉ መጣመምም ይታይ፤ የተጣመመ ዘንግ ፓራኦሊዮውን በአንድ ጎን እየተጫነ ይበላዋል።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ሞተሩ ቀጥ ይበል፤ በራሱ እንዳይወዛወዝም ይታሰር። የሲሊንደሩን አቀማመጥ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ የትኛው ሮንዴላ የት እንደነበር ነገ ይጠፋችኋል። ቱቦዎቹን ፈትታችሁ ድፈኑ። ሲሊንደሩ ከሞተሩ ይውረድና ንጹሕ ጠረጴዛ ላይ ይሁን። በሁለቱም ጫፍ በጥርስ የገባ ክዳን አለ፤ ለመፍታት ብዙ ጊዜ ሁለት ጥፍር ያለው ልዩ ቁልፍ ይፈልጋል። በመዶሻና በካቻቪቴ ጫፍ እየመቱ ማዞር የአሉሚኒየሙን ክዳን ያቆስለዋል።

ክዳኑ ውስጥ ከአንድ በላይ ጎማ አለ። የውጭው ቆሻሻ እንዳይገባ የሚጠርግ ነው፤ የውስጡ ዘይት የሚያግደው ነው። የተበላሸው አንዱ ብቻ ቢሆንም ሁሉም በአንድ ላይ ይለወጡ፤ የሁለቱም ጫፍ። አንዱ ጫፍ ካረጀ ሌላውም አብሮ ነው ያረጀው። አሮጌውን ስታወጡ በየት በኩል ፊቱን እንዳዞረ ልብ በሉ። የዘይት ማገጃው ክፍት ወገን ግፊት ወዳለበት፣ ማለትም ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ መዞር አለበት። ተገልብጦ የገባ ፓራኦሊዮ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ያፈሳል።

ማውጫው ከፕላስቲክ ወይም ከእንጨት ይሁን። ብረት የጎማውን ማረፊያ ይጭራል፤ ያ ጭረት ራሱ አዲስ የማፍሰሻ መንገድ ይሆናል። አዲሱን ስታስገቡ በዚያው የመሪ ዘይት አርጥቡት። የዘንጉ ጫፍ ጥርስ ካለው ጥርሱን በቴፕ ጠቅልላችሁ ክዳኑን በላዩ አሳልፉ፤ አለዚያ ጥርሱ አዲሱን ከንፈር በጉዞው ላይ ይቆርጠዋል። ብዙ «አዲስ ነው ግን ያፈሳል» የሚባል ፓራኦሊዮ የተበላሸው በዚህች ቅጽበት ነው። ቴፑን ከዚያ ማንሳት አትርሱ። ሲሊንደሩ ሲመለስ የማሰሪያ ዳዶዎቹ በመመሪያው ልክ ይጠበቁ፤ ራሱን የሚቆልፍ ዳዶ ከተፈታ በአዲስ ይተካ።

ቱቦን በተመለከተ ረጅም ወሬ የለም። የተፋቀ፣ ያበጠ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ አይጠገንም፤ ይለወጣል። ለግፊቱ የተሠራ የመሪ ቱቦ ይሁን። የላላ መገጣጠሚያ ደግሞ መጀመሪያ በቀስታ ይጠበቅ። ካላቆመ ተፈትቶ ይታይ፤ ኃይል እየጨመሩ ማጥበቅ ጥርሱን ይበጥሰዋል።

አየሩን ማስወጣት ለምን ግድ ይላል?

ቱቦ በተፈታ ቁጥር አየር ይገባል። ጥሩ ጥገና ሠርቶ አየሩን በግማሽ ያስወጣ ሰው መሪው ላልቶ ሲያገኘው ሥራው የከሸፈ ይመስለዋል። የቀረው ግን አየሩ ብቻ ነው።

ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል። አንዱ መሪው ጋ፣ አንዱ ሲሊንደሩ ጋ። የዘይት ጠርሙሱ ተገልብጦ በግልጽ ቱቦ ከፓምፑ መሙያ ጋር ይያያዛል። ጠርሙሱ በሥራው መሀል ባዶ እንዳይሆን፤ አንዴ አየር ከሳበ እንደገና ከመጀመሪያ ነው። ሲሊንደሩ ላይ ያሉት የአየር ማስወጫ ቡሎኖች ወደ ላይ ይዩ። አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ ቡሎኑ ወደ ታች ከዞረ አረፋው ውስጥ ይቀራል።

መጀመሪያ ሲሊንደሩን ወደ አንድ ጫፍ ውሰዱት። ፒስተኑ በቀረበው ጫፍ በኩል ያለው ክፍል በጣም ይጠባል፤ አየር የሚደበቅበት ቦታም ያንሳል። በዚያ ወገን ያለውን ቡሎን ክፈቱ፤ ግልጽ ቱቦ ሰክታችሁ ወደ ዕቃ ይውረድ። ኋላ ያለው ሰው ሲሊንደሩ እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ ይያዝ። ፊት ያለው ሰው ወደዚያ ክፍል ዘይት በሚልከው አቅጣጫ መሪውን በዝግታ ያዙር። መጀመሪያ የሚወጣው አረፋና ዘይት ነው። አረፋ የሌለው ዘይት በተከታታይ ሲወጣ፣ መሪው ገና እየዞረ ሳለ ቡሎኑ ይዘጋ። መሪው ቆሞ ከተዘጋ አየር ተመልሶ ሊሳብ ይችላል። ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ ተሻግራችሁ ያንኑ ድገሙ። ትክክለኛው የዙር ቅደም ተከተል በአምራቹ መመሪያ አለ፤ እሱን ተከተሉ።

አትቸኩሉ። በፍጥነት የዞረ መሪ ዘይቱን ይደበድበዋል፤ አረፋው ደቆ ከዘይቱ ጋር ይዋሃዳል። ከጨረሳችሁ በኋላ ለጥቂት ሰዓት ተዉትና እንደገና አድርጉት። ሁለተኛው ዙር ብዙ ጊዜ የቀረውን ያወጣል።

ማረጋገጫው ይህ ነው። የመሙያው ክዳን ተከፍቶ ሳለ መሪውን እስከ ጫፍ አዙራችሁ በኃይል ያዙት። የዘይቱ ከፍታ ዝቅ ካለ ውስጥ አየር አለ፤ እየተጨመቀ ነው። ካልተነቃነቀ ጨርሳችኋል። በሌላውም ጫፍ ሞክሩት። ከዚያ ቋቱን እስከ አፉ ሳትሞሉ፣ ለመስፊያ የሚሆን ቦታ ትታችሁ ክደኑት።

ውሃ ላይ ሳለሁ ቢለቅስ?

ፍጥነት ቀንሱ፤ በአንዴ ሳይሆን በዝግታ። ሰዎቹ ይቀመጡ፤ የማጥፊያው ገመድ ይታሰር። ዘይት ካላችሁ ቋቱን ሙሉና መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙሩ። በጠብታ የሚያፈስ ከሆነ ይህ በዝግታ ወደ ዳር ሊያደርሳችሁ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጠርሙስ ዘይትና መሙያ ቱቦ ሁልጊዜ ጀልባው ላይ መኖር ያለበት። የመሪ ዘይት ከጠፋ ሌላ ዘይት የሚፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ መመሪያውን እዩ፤ በጭንቅ የገባ ሌላ ዘይት በኋላ ሙሉ በሙሉ ይለወጣል።

ሁለት ሞተር ካለ የአንዱን ጉልበት ጨምሮ የሌላውን በመቀነስ ጀልባውን ማዞር ይቻላል። ሞተሩ ውስጥ የሆነ ጀልባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የአደጋ ጊዜ እጀታ አለው፤ የት እንደተቀመጠና እንዴት እንደሚገጠም ዛሬውኑ እዩት። አንድ ሞተር ብቻ ኖሮ መሪው ጨርሶ ካልታዘዘ ሞተሩን አጥፉና እርዳታ ጥሩ። ስትጎተቱ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ይታሰር።

ጥገናው መያዙን በምን አውቃለሁ?

እንደገና ጠርጋችሁ ነጭ ወረቀት አንጥፉና አሳድሩት። ዙሩን ቁጠሩ፤ ከጻፋችሁት ቁጥር ጋር ይመሳሰል። የመጀመሪያው ጉዞ ዳር ዳሩን፣ በዝግታ ይሁን። ከጉዞው በኋላ ቋቱን እዩ፤ ትንሽ ቢጎድል የቀረ አየር ወጥቶ ይሆናል፤ ሞሉት። በቀጣዩ ጉዞም ከጎደለ ግን አሁንም የሚወጣበት ቦታ አለ። ከዚያ በኋላ ዘንጉን ከጨዋማ ውሃ በወጣ ቁጥር በንጹሕ ውሃ ማጠብና መጥረግ የፓራኦሊዮውን ዕድሜ በእጅጉ ያራዝመዋል።

ጀልባው ወለል ውስጥ የፈሰሰውን ዘይት በሚመጥ ጨርቅ አንሱት እንጂ ከውሃው ጋር ወደ ውጭ አትርጩት። ውሃው ላይ በወጣ ዘይት ላይ ሳሙና ማፍሰስም አይረዳም፤ ዘይቱን ከዓይን ይሰውረዋል እንጂ ከውሃው አያወጣውም። አሮጌውን ዘይትና የተነከሩትን ጨርቆች በሚከደን ዕቃ ሰብስባችሁ ያገለገለ ዘይት ለሚቀበል ቦታ አስረክቡ።